ግማሽ ይበቃል ያለው መምህር

አባቷን ሰፈሩ «ሙሉ ቁመት» ይላቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት መስታወት ሲቆርጡ የኖሩት በአንድ ሕግ ነው፤ ራሱን ከፀጉሩ እስከ ጫማው ማየት የፈለገ ሰው የቁመቱን ያህል መስታወት ይግዛ። አለቀ። በዚህ ሕግ ልጃቸውን አሳደጉ፣ አስተማሩ፣ ኋላም መቁረጫውን አስጨብጠው ከጎናቸው አቆሟት።

መምህሩ ወደ ሱቁ የመጣው ቁርጥራጭ ፍለጋ ነው። ፊዚክስ ያስተምራል። ብርሃን መስታወት ላይ አርፎ እንዴት እንደሚመለስ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ፣ መዳፍ የሚያክሉ ሃያ ቁርጥራጮች ፈልጓል። እሷ እጅ እንዳይቆርጡ ጠርዛቸውን ስትሞርድለት ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንዲት አጠር ያለች ልብስ ሰፊ ገብታ «እስከ ጫማዬ የሚያሳየኝ የቁም መስታወት» ስትል አላስቻለውም።

«እህቴ፣ የቁመትሽ ግማሽ ይበቃሻል።»

«ምን አልክ?» አሉ አባት።

«ከጫማዋ የተነሳው ብርሃን ወደ ዓይኗ የሚመለሰው በዓይኗና በጫማዋ ልክ እኩሌታ ላይ አርፎ ነው። ከዚያ በታች ያለው መስታወት ለእሷ ምንም አያሳያትም። ትርፍ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ደስ ብሏት ግማሹን አስቆርጣ ሄደች። አባት ለመምህሩ በሩን በጣታቸው አሳዩት። «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!»

ልጅቷም ተናዳለች። ቁርጥራጮቹን ስታስረክበው «ራቅ ብሎ የቆመ ሰው የበለጠ እንደሚታየው ሕፃን እንኳን ያውቃል» አለችው።

«ብትርቂም ያው ነው። ሞክሪው» አላትና ፈገግ አለ። ፈገግታው ከንዴቷ ጋር አብሮ ሆዷ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ አባቷ ለምሳ ሲወጡ ከሱቁ ትልቁ መስታወት ፊት ቆመች። ከታች ጀምራ ጋዜጣ ለጠፈች። እስከ ጉልበቷ ሸፈነችው፤ ጫማዋ ይታያል። እስከ ጭኗ ሸፈነችው፤ አሁንም ይታያል። ትንሽ ስትጨምርበት ጫማዋ ጠፋ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ፣ እስከ ግድግዳው ድረስ ሄደች። የጠፋው ጫማ አልተመለሰም። ብቻዋን ሳቀች፣ ከዚያ ሻርፗን አንስታ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገሰች።

ክፍሉ መጋረጃው ወርዶ ጨልሟል። መምህሩ አምፖሉን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኖ ያስተምራል። በሩ ላይ ሆና «ተሸነፍኩ» ልትል አፏን ስትከፍት አረንጓዴው ሻርፗ ጥቁር ሆኖ አየችው።

«ሻርፔን ምን አደረግከው?»

«ሻርፕሽ የሚመልሰው አረንጓዴ ብርሃን ነው። በዚህ ቀይ ብርሃን ውስጥ አረንጓዴ የለም፤ የሚመልሰው ሲያጣ ጠቆረ።»

«እኔስ?»

«አንቺ በየትኛውም ብርሃን ታምሪያለሽ።»

ተማሪዎቹ ጣሪያውን በጩኸት አናጉት። መምህሩ ደነገጠ። እንደዚያ ሊል አላሰበም ነበር፤ ግን አለው፣ እውነቱንም ነበር።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ መስታወት የማያስፈልገው ሳምንት አልነበረም። ትዕዛዙን የምታደርሰውም እሷው ነበረች። በስድስተኛው ወር መምህሩ ከረባት አስሮ የተከለከለውን ደጅ ረገጠና ልጃቸውን ለትዳር ጠየቃቸው።

«እንጀራዬን ለሁለት ከፈልከው፤ አሁን ደግሞ ልጄን? አይሆንም!»

እሱ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ልጅቷ አለቀሰች። «አባባ፣ ምን በደለህ?»

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ። «እሱ ልክ ከሆነ እኮ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው እያታለልኩ ኖሬያለሁ።»

እሷ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። አባቷን ትወዳቸዋለች፤ መምህሩንም።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ መስታወቷን ታቅፋ መጣች። ከኋላዋ በበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ባሏ አለ።

«እኔስ እስከ ጫማዬ ይታየኛል። ባሌን ግን ራስ አልባ አደረጋችሁት! ስድስት ወር ሙሉ ከረባቱን ያሰረው ተንበርክኮ ነው።»

የአባት ፊት በራ። «ጥሩልኝ ያን መምህር!»

ልጅቷ ሰው ላከችበት። መምህሩ ሮጦ መጣ። ሚስትን ለካ፣ ባልን ለካ፣ በእፍረት ፊቱ ቀላ። ይከራከራል ብላ ስትፈራ ሜትሩን አጠፈ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ግማሽ የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ባሏን አላሰብኩም።»

አባት ጠመኔ አንስተው ግድግዳው ላይ ማስመር ጀመሩ። «ስለዚህ የላይኛው ጠርዝ በረጅሙ ይለካል፣ የታችኛው በአጭሯ። አይደል?»

«ልክ ነዎት።»

«እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሸጥኩት ለቤተሰብ ነው። ባል አለ፣ ሚስት አለች፣ ልጅ አለ።»

«ሙሉ ቁመት ለሁሉም ይደርሳል። ማንንም አላታለሉም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ያሰመሩትን መስመር በመዳፋቸው ዳሰሱ። ልጅቷ ከትከሻቸው ሸክም ሲወርድ ያየች መሰላት። ለልብስ ሰፊዋ በነፃ ሌላ እንደሚቆርጡላት ነገሯት፤ ከዚያ ሜትራቸውን መዝዘው ዞሩ።

«እናንተ ሁለታችሁ፣ እዚህ ጋ ቁሙ። ጎን ለጎን!»

ቆሙ። አባት የእሱን ዓይንና አናት ለኩ፣ የእሷን ዓይን ለኩ፣ በጠመኔ አሰመሩ፣ ደመሩ፣ ቀነሱ።

«መቶ ሳንቲ ሜትር። ከዚህ ያነሰ መስታወት ቤታችሁ አይገባም።»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ «ቤታችሁ ነው ያሉት?» አላት።

«ዝም በል» አለችው እጁን ጭምቅ አድርጋ፣ «ቆርጠው ሳይጨርሱ እንዳትናገር!»