ከኋላ የተቀመጠው

ይሄ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ አይመን... «ፈጥረሽ ነው» የሚለኝን ግን አልሰማም።

ደግሞ በጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ ነው። ቦታው የራሴ ጋራዥ... ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠገበ ሲሚንቶ፣ በሩ ወደ አስፋልቱ ወለል ብሎ የተከፈተ።

ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። «ሴት ናት እኮ» እያለ የሚስቅ ደንበኛ ሞልቷል። ስቆ ይመጣል፣ ሞተሩን አስነስቶ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ታናሽ ወንድሜ ያገለገለ የውድድር ሞተር ገዛ። ሳያማክረኝ! ቤት ውስጥ የምንጠራው ችኩሌ ብለን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብንለውም አይሰማም።

ሞተሩ ያምራል። ግን ፍጥነት ሲጨምር ወደ ግራ ይጎትታል... ከፊት ወደሚመጡት መኪኖች። የዚያን ቀን ጠዋት ከጭነት መኪና ሥር ለጥቂት ተረፈ።

«ሽጠው» አልኩት።

«ነገ ሥራ የምሄደው በእሱ ነው። ካልሠራሽልኝም እንዲሁ እነዳዋለሁ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ። እንደሚያደርገው ደግሞ አውቃለሁ። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

መጀመሪያ የጎማዎቹን ንፋስ ለካሁ። ልክ ነው።

የኋላው ጎማ ጠሞ እንደሆነ ብዬ ከፊተኛው ጋር በገመድ አስተያየሁት። ቀጥ ያለ ነው።

ፊቱን ከመሬት አንስቼ መሪውን በአንድ ጣት ወዲያ ወዲህ አልኩት። መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ ያለቀ ከሆነ መሐል ላይ ሲደርስ ያዝ ያደርጋል። ይሄ ግን ቅቤ ነው።

የፊት ጎማውን የያዙትን ሁለት ቱቦዎች፣ ሻንሲውን... ሁሉንም አየሁ። አንድም እንከን የለም።

እንከን የሌለው ሞተር ደግሞ ወደ ግራ አይጎትትም። እልህ ያዘኝ።

የኋላውን ሞላ ልለካ ሜትር አመጣሁ። ከጎማው መሐል እስከ መቀመጫው ያለው ርቀት፣ ጎማው አየር ላይ ሆኖ አንዴ ይለካል፣ ሞተሩ መሬት ላይ ሲቆም ደግሞ ሌላ ጊዜ። ማንም ያልተቀመጠበት ሞተር አንድ ጣት ያህል ቢወርድ ነው።

ችኩሌ ከፊት ቆሞ መሪውን ያዘልኝ። ለካሁ...

አራት ጣት ወርዷል።

«ተደግፈኸዋል እንዴ?»

«እታለም፣ እኔ እኮ እዚህ ፊት ነኝ።»

ሞላው ደክሞ ይሆናል ብዬ የኋላውን መቀመጫ በእጄ ተጫንኩት። ሞላው ጠንካራ ነው።

መቀመጫው ግን... ሞቋል።

ሞተሩ ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ውስጥ ነው የቆመው። የፊተኛውን መቀመጫ ነካሁት። ቀዝቃዛ። የኋላውን ደገምኩ። ሙቅ... ሰው አሁን የተነሳበት ወንበር ያህል።

ለሸጠለት ሰውዬ ደወልኩ።

«ወንድሜ ከአንተ የገዛው ሞተር ምን ሆኖ ነበር?»

በሹክሹክታ፣ «የኋላውን መቀመጫ ነቅዬ ጥዬዋለሁ። ወንድምሽ ከእኔ ሲገዛው አልነበረውም። ጠይቂው።»

ወደ ችኩሌ ዞርኩ። «የኋላ መቀመጫውን ማን ገጠመው?»

«አንቺ... አይደለሽም?»

ሰውዬው ስልኩን ዘግቶታል።

አልዋሽም፣ ፈራሁ። ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። በእኔ ጋራዥ? በእኔ ወንድም ላይ?

እንደ ባለሙያ አሰብኩ። ከኋላ ሲከብድ መሪው ይቀልላል። ወደ አንድ ጎን የሚጎትተውስ? እናታችን ትዝ አለችኝ። ቀሚስ ስለምትለብስ ሁለቱንም እግሯን በግራ በኩል አንጠልጥላ ነው የምትቀመጠው። እሷን በጫንኩ ቁጥር ቤት እስክደርስ ወደ ግራ ከሚጎትተው መሪ ጋር ስታገል ነው።

ይሄ ሞተር አልተበላሸም። ሰው ጭኗል።

«እናቃጥለው» አለ ችኩሌ። ከንፈሩ ደርቋል።

«አሁን ነው የምትፈራው? የተጣለ መቀመጫ በራሱ ተመልሷል። ሞተሩን አቃጥለነው ቤት ቢመጣስ? መፍቻውን አቀብለኝ!»

የኋላውን ሞላ ሁለት ሰው እንዲችል አድርጌ አጠበቅኩት። ሥራ ሥራ ነው።

ከዚያ ወደ መቀመጫው ጎንበስ አልኩ።

«ስሚኝ። ወንድ ከሆንክም ስማኝ። መቀመጥ ካማረሽ ተቀመጪ። ግን እግርሽን ግራና ቀኝ አድርገሽ፣ እንደ ሰው! ነጂው ወንድሜ ነው። እሱን ይዘሽ ዝም በይ። አንዴ ወደ ግራ ብትወስጂው፣ ይሄን ሞተር ብሎን በብሎን ፈትቼ መግቢያ ነው የማሳጣሽ።»

ቀና አልኩ።

ሞላው ሲጥ አለ። ችኩሌ የያዘው መሪ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ... ተመልሶ ቀጥ አለ።

«እታለም...»

«ያዘው። እንዳትለቀው።»

መጀመሪያ የነዳሁት እኔ ነኝ። ወንድሜን ለማላውቀው ነገር ቀድሜ አልሰጥም። አስፋልቱ ላይ ፍጥነት ጨመርኩ፤ መሪውን በጣቶቼ ብቻ ያዝኩት። አልጎተተም። ወደ ኋላ ግን አላየሁም። ማየት አልፈለግኩም።

በማግስቱ ጠዋት ችኩሌ ሊሄድ ተነሳ። አልከለከልኩትም። በሩ ላይ ቆሜ በዓይኔ ሸኘሁት።

ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ደስ አለኝ። አሸነፍኩ አልኩ።

ሰፊው ጃኬቱ በንፋስ ተነፍቶ ጀርባው ላይ ይርገበገባል...

ወገቡ ላይ ግን ዙሪያውን ተጨምቋል።

ስሙን ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ወደ ኋላም አልዞረም። መታጠፊያው ላይ በጎን ሲታየኝ፣ ግራ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ፣ ወደ ሆዱ ሰደደና... እዚያ የተቆላለፈውን ነገር አይዞሽ እንደሚል ሰው ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው።