ያልተለቀሰለት ወታደር

ይህ ታሪክ የራሴ ነው። ከማንም አልሰማሁትም፣ ከየትም አልቀዳሁትም። ማመን ያቃተው ሰው ሀቢቾ መጥቶ "የገነቴ ቤት የት ነው?" ብሎ ይጠይቅ። ልጅ አዋቂው ያሳየዋል።

እሁድ ነበር... ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ትንሽ አልፏል። ፀሐይ ገና ከእንሰቱ በላይ አልወጣችም።

ግን እሁድን ለማውራት ከወንድሜ መጀመር አለብኝ።

ሰሎሜ እባላለሁ። ሆሳዕና ገበያ ሳልቫጅ ልብስ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ሲመሽ መንደራችን ሀቢቾ፣ እናቴ ገነቴ ዘንድ እገባና እሁድ አብረን ቸርች እንሄዳለን። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል፣ እውነት ነው። ውሸታም ያለኝ ግን የለም።

ታናሽ ወንድሜ ሚክያስ እንደ አካባቢያችን ልጆች ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ነበር ያሰበው። መሃል ላይ አንድ ደላላ ያዘው።

"ሱቅ ልትጠብቅ ነው ያን ሁሉ መንገድ የምትሄደው? በወታደርነት የሚቀጥር አለ" አለው።

የት ሀገር እንደሆነ ስንጠይቀው "ሩቅ ነው" አለን። የእኛ ሰው ደግሞ ሩቅ ሲባል ደስ ይለዋል። ጸልየን ሸኘነው።

ከወራት በኋላ ፎቶ ላከ። የወታደር ልብስ ለብሶ ቆሟል። ወፈር ብሏል፣ አምሮበታል። እማዬ ስልኩን አገላብጣ ሳመችው።

እኔ ግን የቆመበትን መሬት አየሁ...

ሁለት ጥላ ነበረው። አንዱ በግራው፣ አንዱ በቀኙ።

ወዲያው ደወልኩለት።

"ሚኪ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

"ለእማዬ አትንገሪያት። እዚህ ያለው ሁለት ፀሐይ ነው።"

"ምን አጠጥተውህ ነው?" ብዬ ሳቅኩበት።

እሱ አልሳቀም።

የቀጠረው መንግሥት ምድር ላይ እንዳልሆነ በሹክሹክታ ነገረኝ። ከዋክብትን የሚገዛ ንጉሠ ነገሥት አለ። ለጦርነቱ ከየዓለሙ የድሃ ልጅ እየሰበሰበ ይቀጥራል። ከእኛ አካባቢ አንድ ሌላ ልጅ አብሮት አለ፣ ዳኘ የሚባል የሀደሮ ልጅ።

ኔትወርኩ እንዴት ደረሰ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። ከሀቢቾ ሆሳዕና እንኳን አንዳንዴ አይሰራም።

አእምሮውን ነክቶታል ብዬ አሰብኩ። ለእማዬ ሳልነግራት ለብቻዬ ጸለይኩለት።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ልብሴን እየሰበሰብኩ ነበር። ሚኪ ደወለ።

"ሶሊ... መንግሥቱ እየፈረሰ ነው።"

"የቱ መንግሥት?"

"የቀጠረን። ንጉሠ ነገሥቱ ሞቷል ይላሉ። የሚገዛቸው ከዋክብት ሁሉ ከድተዋል፣ አዛዦቻችንም ሸሽተዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፣ አሁን ሁሉም የሚተኩሰው እኛ ላይ ነው።"

"በቃ ትተኸው ና።"

"አንድ መርከብ ቀርቷል። ነገ ይነሳል። ግን... የተለቀሰለትን ሰው አይወስድም።"

አልገባኝም። ቀስ ብሎ አስረዳኝ።

ሲሸነፉ ሁሉንም ወታደር መመለስ አይችሉም። ስለዚህ ለየቤቱ መርዶ የሚያደርስ ሰው ይልካሉ። ቤተሰቡ አምኖ ካለቀሰ፣ ወታደሩ ቆሞ እየሄደም ቢሆን ሞቷል ማለት ነው። ውላቸው እንደዚያ ነው።

"ዳኘ አጠገቤ ነበር ሶሊ። ድንገት ሰው ሁሉ እሱን ማየት አቆመ። ይጮሃል... የአዛዡን ክንድ ይይዛል... ዞር የሚልለት የለም። ሌሎቹ እሱ እዚያው ቆሞ አልጋውን ለሌላ ሰጡት።"

"አንተስ? ታየዋለህ?"

"አየው ነበር። ከዚያ ድምፁ ብቻ ቀረ። አሁን ድምፁም የለም።" ተነፈሰ። "እማዬ እንዳታለቅስ። እስክንነሳ ብቻ። ሶሊዬ፣ በእናትሽ።"

ስልኩ ተቋረጠ።

ሀደሮ ደንበኛ አለችኝ፣ ከእኔ እየወሰደች የምትቸረችር። ደወልኩላት።

"ዳኘ የሚባል ልጅ ታውቂያለሽ?"

"አዬ..." አለች። "ባለፈው ሳምንት ተለቀሰ እኮ። ሬሳው እንኳን አልመጣም።"

ልብሴን ጠቅልዬ ወደ ሀቢቾ፣ እማዬ ዘንድ ገሰገስኩ።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ሊነጋጋ ሲል ወደ ጓሮ ወጣሁ። የጎረቤታችን የጋሽ ሽብሩ ግቢ ውስጥ ሰዎች ቆመዋል። ጋሽ ሽብሩ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው።

ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች... ሴቶችም አሉ። ማንም አያወራም።

ሀገሬውን ታውቁታላችሁ። ለሌላ ጉዳይ የተሰበሰበ ሰው ያወራል፣ ይሳሳቃል። በንጋት ተሰብስቦ ዝም ያለ ሰው መርዶ ይዟል።

ሁሉም የሚያዩት ደግሞ የእኛን በር ነው።

በአጥሩ ሥር ሾልኬ ሄድኩ።

"ጋሽ ሽብሩ፣ ለማን ነው?"

አንገታቸውን ደፉ። "ግቢ ልጄ። እናትሽ አጠገብ ሁኚ።"

"ሚኪ ከሆነ አልሞተም። ትናንት አውርቼዋለሁ።"

"ሁሉም እንዲህ ይላል ልጄ... ሁሉም እንዲህ ይላል።"

"ማነው ወሬውን ያመጣው?"

በአገጫቸው አሳዩኝ። ረጅም ሰው ነው። የለበሰው ጋቢ አዲስ ነው፣ የታጠፈበት መስመር አሁንም ይታያል። አንዱን ሽማግሌ በሹክሹክታ ሲያናግር ሰማሁት፣ ሀዲይኛው የድሮ አያቶቻችን ሀዲይኛ ነው። ጤዛው የሁላችንንም እግር አርሶታል... የእሱ ጫማ ግን ደረቅ ነበር።

"የማን ልጅ ነው? ጎሳው ማነው?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

ጋሽ ሽብሩ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሰው ናቸው።

"ጠየቅሁት። ነገረኝም" አሉ። ከዚያ ግንባራቸውን አሹ። "ምን ነበር ያለኝ..."

ሰውየው ዞሮ አየኝ። ፈገግ አላለም፣ አልተቆጣም። እንዲያው አየኝ ብቻ።

ሮጬ ቤት ገባሁና በሩን ቀረቀርኩ። እማዬ ፊቷን እየታጠበች ነበር።

"እማዬ፣ ስሚኝ። አሁን ሰዎች ይመጣሉ። ምንም ቢሉሽ አታልቅሺ።"

"ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?"

"እንዳታለቅሺ ብቻ። ለሚኪ ስትይ።"

የዘገነችው ውሃ እጇ ላይ ቀረ...

ፊቴን አየች። በመስኮቱ ጋቢዎቹን አየች። ሽማግሌዎቹ ገና ከጋሽ ሽብሩ ግቢ አልወጡም ነበር። መርዶውን የነገርኳት እኔው ሆንኩ።

የእናቴን ጩኸት አልጽፈውም። አፏን በእጄ ያዝኩት። የገዛ እናቴን አፍ አፈንኩ። ግን የእናት ጩኸት እንዴት ይቆማል? ጎረቤቱ ተቀበላት፣ መንደሩ ተቀበለ፣ በሩ ተገፍቶ ተከፈተ።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ስልኬ ጠራ። ሚኪ ነው።

"እማዬ፣ በሕይወት አለ፣ ይኸው፣ ስሚው" ብዬ ጆሮዋ ላይ ለጠፍኩት።

"እማዬ..." ይላል ስልኩ። "እማዬ፣ እኔ ነኝ... ሚኪ ነኝ..."

እማዬ አዳመጠች። ከዚያ ስልኩን ገፋችው።

"ለምን ታሰቃዪኛለሽ? ማንም የለም እኮ። ዝም ነው።"

ያኔ ገባኝ። ከቤተሰቡ የሚሰማው ላላለቀሰለት ሰው ብቻ ነው። ያላለቀስኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

እንሰቱ ውስጥ ገብቼ ቪዲዮ ከፈትኩ። ሚኪ የመርከቡ በር ላይ ቆሟል። ወታደሮች እየገፉት ይገባሉ። አንዱን በአንገትጌው ያዘው... ሰውየው ንፋስ እንደነካው ኮሌታውን አስተካክሎ አለፈ።

በሩ ተዘጋ። አቧራ ተነሳ። መርከቡ ያለ እሱ ሄደ።

"ሶሊ... አንቺ አታልቅሺ።"

"አላለቅስም" አልኩት።

አላለቀስኩም። ድንኳን ተጣለ፣ ተዘመረ፣ ፎቶው ተሰቀለ። "ልቧ ድንጋይ ነው፣ ለወንድሟ እንባ የላትም" እየተባለ ታማሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። እንባ በመጣ ቁጥር ከንፈሬን እየነከስኩ መለስኩት።

ሚኪ በየቀኑ ይደውላል። ሜዳው ባዶ ነው። አንዷ ፀሐይ ስትጠልቅ ሌላዋ ትወጣለች፣ አይመሽም። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ማንም የለም። ድምፁ እየቀጠነ መጣ።

ከዚያ አንድ ቀን...

"ሶሊዬ... አልቅሺልኝ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"አልራብም። እንቅልፍ የለኝም። መሞትም አልቻልኩም። የያዝሽኝ አንቺ ነሽ። ደክሞኛል እህቴ። በቃ ልቀቂኝ።"

ሞከርኩ። የልጅነት ፎቶውን አቅፌ ተቀመጥኩ። የለቅሶ መዝሙር ከፈትኩ። ሽንኩርት ከተፍኩ። ዓይኔን አቃጠለኝ እንጂ እንባ አልወጣኝም። ስመልሰው ስመልሰው ደርቋል።

"ነገ" እለዋለሁ። "ነገ አለቅስልሃለሁ የኔ ወንድም።"

ዛሬ ጠዋት በቪዲዮ ደወለ። እማዬ ቤት፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አነሳሁት።

ከኋላው፣ ሜዳው ጫፍ ላይ፣ ነጫጭ ነገር አየሁ። እየቀረበ መጣ... ጋቢ የለበሱ ሰዎች ናቸው። በዝግታ ይራመዳሉ። ማንም አያወራም።

"ሚኪ... ከኋላህ ሰዎች አሉ።"

ዞረ። ፊቱ በራ።

"ሶሊ፣ ሰው ነው። እያዩኝ ነው... ወደ እኔ ነው የሚመጡት።"

"አትሂድ። ሚኪ፣ ጆሮህን ያዝ። የሚሉህን አትስማ።"

አልሰማኝም። ደስ ብሎት ሊቀበላቸው እየሮጠ ነበር። ሚኪ ከእኔ ሌላ ማን ቀረው? የማንን መርዶ ነው የሚያመጡለት?

ከፊት የነበረው ያ ጫማው ደረቅ የነበረ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነገረው።

ሚኪ ቀስ ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። አየኝ። እርግጠኛ ነኝ፣ በደንብ አየኝ።

"ሚኪ፣ አለሁ። ይኸው እኔ ነኝ፣ አለሁ..."

ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ለእኔ አለቀሰ።

ስልኩ ጠፋ።

በሩ ተከፈተ። እማዬ ናት።

"ሰሎሜ?"

"አቤት እማዬ።"

ክፍሉን ዙሪያውን አየች። ተነስቼ እጇን ያዝኩት። ብርድ እንደነካት ክንዷን አሸት አሸት አደረገች።

"የት ሄደች ይህች ልጅ..." አለች ለራሷ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ አልጋዬን አነጠፈች። ብርድ ልብሴን አጣጥፋ ትራሱ ላይ አስቀመጠች። መስኮቱን ዘጋች፣ ወጣች... በሩንም ከውጭ ቆለፈችው።