ስምንተኛው አረር

ልጆቼ፣ ይኼ ሰው ሲያወራ የሰማሁት አይደለም። በእጄ የነካሁት ነው።

አላምንም የሚል ካለ መብቱ ነው፤ አልቀየመውም። እኔ ግን ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ውሸት ፈጥሬ የማገኘው ነገር የለም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ፣ ወሩ ኅዳር። ቦታው ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ብረት የምቆርጥበት የእኔው ቶርኖ ቤት። ሰዓቱ ደግሞ...

ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሰው የሚፈራው ጨለማን ብቻ ከመሰላችሁ ቀትርን አታውቋትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላቀው የሚባል ሰው ነበር፤ ሰንጋ ተራ የመኪና ጎማ የሚሸጥ። አደን ይወዳል። ፈቃድ አውጥቶ በየዓመቱ ወደ አርሲ ተራሮች ይወጣል፣ ድኩላ ያድናል። ጠመንጃው የአባቱ ናት፤ በአፈሙዟ የምትጎርስ፣ የድሮ። ባሩዱ በአፏ ይፈስሳል፣ አረሩ በአፏ ይገባል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል። አንዴ ብቻ ነው የምትተኩሰው። ከሳትክ፣ እስክታጎርሳት ድኩላው ሌላ ቀበሌ ገብቷል።

ስለዚህ ሁሉም ነገር አረሩ ላይ ነው።

የዚያን ዓመት አረር እንድሠራለት ወደ እኔ መጣ። ወንድሜን ነገሪንም መንገድ መሪ አድርጎ ቀጠረው። ነገሪ የታናሼ ታናሽ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ዱካ ያነባል፣ ተራራ ያውቃል፤ ሥራ አጥቶ ከርሞ ስለነበር በደስታ እግሩ መሬት አልነካም። ሐሙስ ሊሄዱ፣ ሰኞ ላይ ነን።

ከነገሪ በፊት መንገድ መሪው በከር የሚባል ልጅ ነበር። ባለፈው አደን ገደል ገብቶ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ ብሎ ላቀው ብቻውን ተመለሰ። እኛም አለቀስን፣ እግዜር ያጥናሽ ብለን ሚስቱን ሀሚዳን ጠየቅን... በቃ።

ወደ አረሩ ልመለስ። ሦስት ዓይነት አለ። ድቡልቡሉ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚገባው። ረጅሙ ሹል፣ እርቃኑን የሚገባው። ሦስተኛው ደግሞ ቀጠን ያለ ሹል ነው፤ የፕላስቲክ ቀሚስ ለብሶ ይገባል። ቀሚሷን ላቀው ከፈረንጅ አዳኞች አግኝቶ በካርቶን አምጥቷል። ትንሽ ኩባያ ናት፣ አራት ቅጠል ያላት። ከአፈሙዙ ስትወጣ ቅጠሎቿ ይከፈቱና ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዳ ትወድቃለች፤ አረሩ ብቻውን ይገሰግሳል።

የጠመንጃዋን ሆድ ስፋት በመለኪያዬ፣ በካሊፐር ለካሁና ባለ ቀሚሱን ምረጥ አልኩት። በአውራ ጣት ሲገፉት እምቢ ማለት አለበት፣ በዘንግ ሲገፉት እሺ። ከላላ ከባሩዱ ይሸሻል፣ ከጠበቀ ቅርጹ ይበላሻል። የሁሉም ክብደት እኩል ካልሆነ ደግሞ ዛሬ የመታ ነገ ይስታል። ያው የእጅ ሥራ ነው።

እርሳሱን ግን ራሴ አመጣለሁ አለ።

የራሱ ወግ ነበረው። የገደላቸውን ድኩሎች ሥጋ ሰንጥቆ እርሳሱን ያወጣል፣ በወረቀት ጠቅልሎ ቀኑንና ቦታውን ይጽፍበታል። የገደለ እርሳስ የገደለውን ያውቃል፣ የድኩላው ወደ ድኩላ ይሄዳል እያለ ያምን ነበር። እኔም ሳቅሁበት። እርሳስ እርሳስ ነው ብዬ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ወረቀቶቹን ፈታሁ። ሰባት ጥቅል ነው ብሎኝ ነበር...

ስምንት ሆነ።

ሰባቱ ላይ ቀን፣ ቦታ፣ “ድኩላ” ይላል። ስምንተኛው ላይ ቀን ብቻ ነው ያለው። ጥር 23። ሌላ ምንም።

ጽፎ መጨረስ ረስቶ ይሆናል አልኩና ከሌሎቹ ጋር ድስቱ ውስጥ ጣልኩት።

ልጆቼ፣ የሠራሁት ስህተት ይኼ ነው። ባለሙያ ነኝ ብዬ አልጠየቅሁም።

ቡታጋዙን ለኮስኩ። እርሳሱ ቀለጠ። በቅርጽ ማውጫው አፍስሼ አሥር አረር አወጣሁ፤ ልሙጥ፣ አንድም መጨማደድ የሌለው። ከጎረቤቴ ወርቅ አንጥረኛ በተዋስኩት ሚዛን መዘንኳቸው።

እኩል ናቸው። ሁሉም። በአንዲት ጤፍ እንኳ አይለያዩም።

አርባ ዓመት ብረት ቆርጫለሁ። እንዲህ ያለ እኩልነት ከሰው እጅ አይወጣም።

እንዲበርዱ መስታወት ላይ በተርታ አጋደምኳቸው። ሹላቸው ወደ ግድግዳው ነበር፤ እኔው ነኝ ያጋደምኳቸው፣ አውቃለሁ። ዞር ብዬ እጄን ታጠብኩ። ስመለስ ሹላቸው ወደ በሩ ሆኗል።

በሩ ላይ ነገሪ ቆሟል። ምሳ ሊጠራኝ መጥቶ።

“ጋሼ፣ ምነው ፈዘዙ?” አለኝ።

“ወደ ግራ ሂድ እስቲ።”

“ለምን?”

“ሂድ ብዬሃለሁ።”

ሄደ።

ክር... ክር... ክር...

መስታወቱ ላይ። በጣም ቀስ ብሎ። አሥሩም ተከትለውት ዞሩ።

ነገሪ መጀመሪያ ሳቀ። በዚህ ዕድሜዎ አስማት ጀመሩ እንዴ አለኝ። ማግኔት ይኖራል ብሎ ጠረጴዛውን ከሥር ዳበሰ። እርሳስን ማግኔት እንደማይስበው ነግሬው፣ እሱ ራሱ ማግኔቴን አንስቶ አስጠጋ። ምንም። በጠረጴዛው ዙሪያ ዞረ። ዞሩ። ሲቆም ቆሙ።

ከዚያ ሳቁ ቀረ።

ዓይኑ ወረቀቶቹ ላይ አረፈ። አንዱን አነሳ። ቀን ብቻ ያለበትን።

“ጋሼ...” አለ በሹክሹክታ። “ጥር ሃያ ሦስት...”

“እህ?”

“በከር የሞተበት ቀን ነው።”

ከውጭ የሽንኩርት ነጋዴዎቹ ጫጫታ ይሰማል። ታክሲ ረዳት ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ይላል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት። 

የገደለ እርሳስ የገደለውን ያውቃል ብሎ የለ? የድኩላው ወደ ድኩላ...

የመንገድ መሪውስ?

ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን ከፍርሃቴ ሥር ሌላ ነገር ተነሳ። ንዴት። ይኼን ልጅ ጉንፋን ሲይዘው በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ያሳደግሁት። ለአንድ ቁራጭ እርሳስ አልሰጠውም አልኩ። ነገሪን ከቶርኖው ጀርባ አስቀመጥኩትና በእሱና በአረሮቹ መካከል ቆምኩ።

ሹላቸው አሁን የእኔን ሆድ እያየ ነው። በእኔ አልፎ እሱን።

ሰባት ሰዓት ላይ ላቀው ገባ። ደረሰ ወይ አለ። ደርሷል አልኩት። ደስ ብሎት አረሮቹን ሊያይ ጎንበስ ሲል ከፊቱ ቆምኩ።

“አንዱ ወረቀት ላይ የእንስሳው ስም የለም፣ አቶ ላቀው።”

“ረስቼው ይሆናል።”

“እኔ ልንገርህ?”

 ከቶርኖው ጀርባ የነገሪ ትንፋሽ ይሰማኛል።

“ገደል የገባ ሰው ሰውነት ውስጥ እርሳስ ምን ይሠራል?” አልኩት።

መለሰልኝ፤ ግን ጥያቄዬን አልነበረም የመለሰው። ድምፁም የወትሮው አልነበረም። ተኝቶ እንደሚያወራ ሰው...

“ያኛው እኮ አልሳተም፣ ጋሽ ባጫ። እስከ ዛሬ ከተኮስኩት ሁሉ... እንደ እሱ ቀጥ ብሎ የሄደ የለም።”

“ማን አወጣው ከሰውነቱ?”

እጆቹን አየ። ቀኝና ግራውን አገላብጦ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

አስቦበት ይግደለው፣ ሳያስበው ይግደለው እስከ ዛሬ አላውቅም። አረሮቹን በሙሉ አፈስኩና ዓይኑ እያየ ወደ ድስቱ መለስኳቸው። እሳቱን ከፍ አደረግሁ። ወንድሜ አይሄድም፣ አረርም የለህም፣ ውጣልኝ አልኩት።

ዘጠኙ ቀለጡ።

አንዱ አልቀለጠም። በቀለጠው መሐል ቆሞ... ሹሉን ወደ ቶርኖው አድርጎ።

ላቀው ሁለት ጣቱን ድስቱ ውስጥ ከተተ።

ልጆቼ፣ የፈላ እርሳስ ነው የምላችሁ። ከተተና አወጣው። አልጮኸም። ቆዳው አልተላጠም። አረሩን ኪሱ ጨመረ፣ የቀሚሶቹን ካርቶን አነሳ፣ ወጣ።

በዚያው ቀን ወረቀቱን ይዤ ፖሊስ ጋ ሄድኩ። መዘገቡልኝ። ከዚያ ሀሚዳ ቤት ሄድኩና ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ የማውቀውን ነገርኳት። ዝም ይሻላል ያሉኝ ነበሩ። እምቢ አልኩ። ባሏ ገደል አልገባም፤ ይኼን ማወቅ ሐቋ ነው።

ሐሙስ ሆነ። ላቀው ፖሊስ ሳያገኘው ብቻውን ወደ አርሲ ሄዷል ተባለ። ከጌጃ ሰፈር አንድ ሙሉ ቀን መንገድ።

ነገሪን ከቶርኖ ቤቱ አላስወጣሁትም። አንድ ጣት ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ ነበረኝ፤ በሁለት እጄ እየጎተትኩ በእሱና በቆርቆሮው በር መካከል አቆምኩት። ከዚህ ሁሉ መንገድ ምን ሊያደርገኝ ነው ጋሼ ብሎ አሾፈብኝ። ከላሜራው ጀርባ ግን አልወጣም። ዝም ብለህ ቁጭ በል አልኩት።

አምስት ሰዓት ተኩል...

ሩብ ጉዳይ...

ስድስት ሰዓት።

ውጭ ያለው ጫጫታ ቆመ። ሽንኩርት ነጋዴዎቹም፣ ታክሲውም። ጉድጓድ ውስጥ የገባን ይመስል።

ጓ!

ላሜራው እንደ ደወል ጮኸ። የተኩስ ድምፅ ግን አልነበረም። የብረቱ ብቻ።

ቆርቆሮው በር ላይ ክብ ቀዳዳ። ላሜራው ላይ፣ ልክ በነገሪ ደረት ቁመት፣ አረሩ ተሰክቷል። በስቶ በእሱ በኩል ለመውጣት ይህን ያህል ብቻ ሲቀረው ቆሟል... የጥፍር ውፍረት።

በሩን በርግጄ ከፈትኩ። ጫጫታው ወዲያው ተመለሰ። ነጋዴዎቹ ሽንኩርታቸውን ይመዝናሉ። ተኩስ ሰማችሁ ወይ ብላቸው ደነገጡብኝ። ማንም ምንም አልሰማም።

ደጃፉ ላይ ግን፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ያህል፣ አራት ቅጠሏ የተከፈተ የፕላስቲክ ቀሚስ ወድቃለች። ከእሷ ሁለት እርምጃ ወዲያ ደግሞ ጭቃው ላይ የሁለት ጫማ ዳና አለ። ኢላማ ይዞ የቆመ ሰው ዳና። የመጣበት የለም፣ የሄደበት የለም። ሁለቱ ብቻ።

የላቀውን መኪና ከሳምንት በኋላ አርሲ ተራራ ሥር አገኙት። ጠመንጃዋ መኪናው ውስጥ ነበረች፣ ባሩዷም እንዳለ ነው፤ አልተተኮሰችም። እሱን ራሱን እስከ ዛሬ ያየው የለም።

አረሩን ከላሜራው ፈልቅቄ አወጣሁት። ወንዝ ጣለው፣ ቅበረው፣ ጠበል አስነክረው... ያላሉኝ የለም። እኔ ግን ዓይኔ የማያየውን ጠላት አልወድም። ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ጥርስ ለጥርስ አጠበቅሁት።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሞርሳው ግማሽ ዙር ላልቶ አገኘሁት።

ግማሽ ዙር አጠበቅሁ።

ይኸው አሥር ዓመት። በየቀኑ ግማሽ ዙር ይላላል፣ በየቀኑ ግማሽ ዙር አጠብቃለሁ። ሰፈራችን ሲፈርስ ቶርኖውን ሸጥኩ፤ ሞርሳውን ግን ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ በብሎን አሰርኩት። ነገሪ ሦስት ልጆች ወልዷል። እሑድ እሑድ ይመጣል፣ በረንዳው ጋ ግን አላስጠጋውም።

ትናንት ሁለት ጫፍ ያለውን እጀታውን በአንዱ ጫፍ ስይዝ አልዞር አለኝ። ዝገት መሰለኝ። ሰውነቴን ጥዬ ስገፋው...

ከወዲያኛው ጫፍ መልሶ ገፋኝ።

“አለሁ፣ አቶ ላቀው” አልኩት። “አንተም አለህ፣ እኔም አለሁ። ግፋ።”

ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። ክንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አለቀቅሁም። በመጨረሻ ግማሽ ዙር ዞረ። በእኔ በኩል።

እጄን ሳነሳ፣ እኔ ባልያዝኩት ጫፍ፣ ብረቱ ላይ አራት የጣት አሻራ በላብ ታትሟል።

ፀሐይ እየመታው አንዱ ደረቀ... ሁለተኛው... ሦስተኛው...

አራተኛው ዛሬም አልደረቀም።