ያልወጣው እንግዳ

ባለቤቴ ከቤት መውጣት የማይወድ ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሻንጣዬን ሳልፈታ ሌላ ጉዞ የማስብ። "ዘዋሪት" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በዚህ ስም የጠራኝ እሱ ብቻ ነው።

የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ልጄና ባሏ፣ አማቼም፣ አብረውኝ ነበሩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች። እኛ ያለነው በቤታችን የኋላ ክፍል...

እዚያ ባለቤቴ የአውቶቡስ መቀመጫ የሚያዝበትን ድረ ገጽ የሚያስተናግዱ ሦስት ሰርቨሮች ነበሩት። ከፊታቸው ያለው አከፋፋይ ማሽን ወደ ድረ ገጹ የሚገባውን እንግዳ ሁሉ ሥራ ወዳልበዛበት ሰርቨር ይመራል። ባለቤቴ አንዱን ሰርቨር ማጥፋት ሲፈልግ አዲስ ሰው እንዳይላክበት ያዝዛል፤ ከዚያ ውስጥ ያሉት ጉዳያቸውን ጨርሰው እስኪወጡ ይጠብቃል። ውስጥ ሰው እያለ አጥፍቶ አያውቅም።

እሱ ካረፈ በኋላ ልጄ ድረ ገጹን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረችው። ያን ቀን ማሽኖቹን አጥፍተን፣ ቤቱን ቆልፈን፣ ከእነሱ ጋር ልኖር ልሄድ ነበር። ሻንጣዬ መኪና ላይ ተጭኗል።

አንደኛው ሰርቨር ባዶ ሆነ፤ ጠፋ። ሁለተኛውም።

ሦስተኛው ላይ... አንድ ሰው ቀረ።

"ይሄ ደግሞ የማን ግትር ነው?" አለ አማቼ።

ጠበቅን። አልወጣም።

"እማዬ፣ ስልክሽን ከፍተሽዋል?" አለች ልጄ በሹክሹክታ።

"ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ተዘግቷል። ምነው?"

"ሰውየው የገባው... ከዚሁ ቤት ነው።"

አማቼ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለ።

ሰውየው አልወጣም።

ልጄ ሰውየው ያለበትን ገጽ በማሽኑ ስክሪን ላይ ከፈተች። ጎን ለጎን ሁለት ወንበሮች ይዟል። በአንደኛው የባለቤቴ ስም ተጽፏል። የመስኮቱ ገና ባዶ ነው።

እኔ ሁልጊዜ መስኮት ጋ ነው የምቀመጠው።

ከዚያ በባዶው ወንበር ላይ ፊደላት ቀስ እያሉ መጡ።

ዘ... ዋ... ሪ... ት...

"እማዬ፣ አጥፊው በይኝና ላጥፋው።"

ወዲያው የእንግዶቹ ቁጥር ወደ ሁለት ተቀየረ።

"አዲስ ሰው እንዳይገባ ከልክዬ ነበር እኮ..." አለች ልጄ።

ገመዱ አሁንም አማቼ እጅ ላይ ተንጠልጥሏል።

ወንበሩን ስቤ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ።

"ልጆች፣ ሻንጣዬን አውርዱልኝ፤ እኔ አልሄድም። አባታችሁ ውስጥ ሰው እያለ አጥፍቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ... እኔም ውስጥ ነኝ መሰለኝ።"