የጨው መንገድ

ሀስና ጨዉን በደረቅ ጨርቅ ትወለውላለች። በጨው አገሩ በበርሃሌ ያደገ ልጅ ለጨው እርጥብ ጨርቅ አያነሳም። ጨዉ የጡብ ግማሽ ያህላል፤ እንደ መስታወት የጠራ ነው። አጎቷ ሁመድ፣ የጨው ሜዳው ነጸብራቅ ዓይኑን ሳያጠፋበት በፊት፣ በመጨረሻው የጨው ፈላጭነት ዓመቱ ያገኘው ነው። ለነገው የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ አውሷታል።

«እንደ ዓይኔ ጠብቂው» ብሏት ነበር ሲሰጣት፣ እየሳቀ። «አይ፣ ከዓይኔ አስበልጠሽ።»

ጥጉ ላይ ጭቃ ተጣብቋል። ልታነሳው የቢላዋውን ስለት አስጠጋችና ጀርባውን በጠጠር መታ አደረገችው። ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ጨዉ ለሁለት ተከፈለ።

ጓደኛዋ መዲና አፏን ያዘች። «አለቀልሽ!»

«ዝም በይ!»

«ምን አስጨነቀሽ? በሙጫ አጣብቀን እንመልስለታለን። እሱ እንደሁ አያይም።»

ሀስና ግማሹን አንስታ ዳሰሰችው። የተከፈለው ፊት ሸካራ አልነበረም፤ እንደ ረጋ ውሃ ልስልስ ነው። ጥፍሯን የምታህል ፍርፋሪ አነሳች። አራት ማዕዘን ናት። ሰበረቻት። የወጣችው ሌላ ትንሽ ሳጥን ናት።

መምህር ጣሃ ሰሌዳው ላይ ነጠብጣብ ደርድሮ ነበር፤ አንድ ሶዲየም፣ አንድ ክሎሪን፣ እየተሳሳቡ፣ በየአቅጣጫው ቀጥ ባለ ሰልፍ። እሷ ለፈተና ብላ ሸምድዳዋለች። ዓይን የማያየው ያ ሰልፍ አሁን መዳፏ ላይ ተቀምጧል።

የምርኩዝ ድምፅ መጣ። ሁመድ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ወሬ ጠየቀ፦ «ዳጉ?»

ዳጉ የተጠየቀ ሰው ያየውን እንዳየው ይናገራል። ወሬውን የሚያዛባ፣ መንገደኛን ውሃ ወደሌለበት ይሰዳል። መዲና ዝም እንድትል በክርኗ ጎሸመቻት።

«ጨውህን ሰበርኩት፣ አጎቴ» አለች ሀስና። «በቢላዋ። ሌላም ነገር አየሁ።» ሁለቱን ግማሾች እጁ ላይ አኖረች።

ሁመድ ዳሰሳቸው። አውራ ጣቱ በልስልሱ ፊት ሄዶ ጠርዙ ላይ ቆመ።

«ከፍቶኛል» አለ በመጨረሻ። «ሌላውስ?»

ሀስና የተምር ፍሬና ጠጠር እያፈራረቀች ሁለት ረድፍ ምንጣፉ ላይ ደረደረች፤ ከፍሬው ትይዩ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ትይዩ ፍሬ። ጣቶቹን ወደ ረድፎቹ ወሰደችለት። «ፍሬው ሶዲየም፣ ጠጠሩ ክሎሪን ነው። የተለያዩት ይሳሳባሉ። አንዱን ረድፍ አንድ እርምጃ ግፋው።»

ገፋው። ዳሰሰ። «ጠጠር ከጠጠር ገጠመ።»

«ሲመታ ረድፉ እንዲህ ይንሸራተታል፤ የሚመሳሰሉት ይገፋፋሉ፤ ጨዉ እዚያው ላይ ይከፈላል።»

«ተጣሉ በይኛ!» ጣቶቹ ወደ ጨዉ ተመለሱ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «ሠላሳ ዓመት ‹ጨው መንገድ አለው፣ በመንገዱ ምታው› እያልኩ ልጆች አስተማርኩ። መንገዱ ይሄ ኖሯል?»

መዲና እንኳ አጎንብሳ ጠጠሮቹን ታያለች።

ሀስና ትንሿን ሳጥን አጎቷ መዳፍ ላይ ተወችለት። ግማሾቹን ሳታጋጥም፣ ለየብቻ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቀለለች። ቋጠረችና ለነገው ክፍለ ጊዜ ከደብተሯ አጠገብ አስቀመጠችው።