ቤት ውስጥ አራስ አለች

«ቤት ውስጥ አራስ አለች» አለች ሣራ። የደነገጠችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

የቀበሌው ጥበቃ ዋሪዮ የቆርቆሮውን በር ገፋ አድርጎ አንድ እግሩን አስገብቶ ነበር። ትከሻው ላይ ጠመንጃ አንግቷል። በግራ እጁ በጆንያ ቁራጭ የተሸፈነ ባልዲ ይዟል። ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ ነገሌ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ መርዝ የተነሰነሰበት ሥጋ ነው። ውሻ ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ፣ ያላስረከበም ቤቱ እንደሚፈተሽ ከትናንት በስቲያ በድምፅ ማጉያ ተለፍፏል።

ዋሪዮ ያስገባውን እግር መልሶ አወጣው።

«አራስ? እናትሽ ዶሎ ኦዶ ሄዳለች አይደል እንዴ?»

«እንግዳ ናት፣ ጋሽ ዋሪዮ። የእማዬ ዘመድ። ከሊበን የመጣች።»

«መቼ ወለደች?»

«ስድስት ቀኗ።» ይቺ እንኳ እውነት ነበረች።

«እኔ አራስ ቤት ጠመንጃ ይዤ አልገባም። እናቴ ከመቃብሯ ተነስታ ትረግመኛለች።» ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ በሩ ላይ ትልቅ የመስቀለኛ ምልክት አሰመረ። «ይሄ ያለበት ቤት ውሻ የለም ማለት ነው። ማንም አይመጣብሽም፣ ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ። አራሷን ናጋ፣ ሰላም በይልኝ።»

ባልዲውን እያወዛወዘ ወደ ቀጣዩ ግቢ ሄደ። ሣራ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችው። አልዋሸሁም፣ አለች ለራሷ። ሰው «አራስ ነብር» ይል የለ? ነብር አራስ ከተባለች ቡሬ ምን ይጎድላታል?

ውሻ የሚለውን ቃል አልጠራችም። ቃሉን ድሮም አትወደውም፤ በአማርኛውም በኦሮምኛውም። በኦሮምኛ ውሻ «ሳሬ» ነው። ስድስተኛ ክፍል እያለች አንዱ ቀልደኛ «ሣራ» በማለት ፈንታ «ሳሬ» አላት፤ ከዚያ ወዲህ መምህሩ ስም ሲጠሩ ከኋላ የሚጮህ አይጠፋም። ስምንተኛ ክፍል ደርሳም አልተዋትም። ስለዚህ እሷ ስታወራ «ቡሬ» ትላለች እንጂ ሌላ አትልም።

ቡሬ ከኩሽናው ጀርባ፣ ከሰል በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጆንያ ላይ ተኝታለች። አምስቱ ቡችሎች ዓይናቸው ገና አልተገለጠም፤ ሆዷ ሥር ተደራርበው ይንጫጫሉ። የግራ ጆሮዋ ግማሹ የለም። ቁስሉ ደርቋል።

ሣራ ጆሮውን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

ከወር በፊት አንድ ቢጫ ውሻ አብዶ ከከብት ገበያው ተነስቶ ምራቁን እያዝረበረበ በሰፈሩ አለፈ። ቡሬ በዚያ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ስትገባ ከጆሮዋ ደም ይንጠባጠብ ነበር። ማታ ቢጫው ውሻ አንድ ከብት ነጋዴ ነክሶ መገደሉ ተሰማ። ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራው እናቷ ጆሮውን አይታ «ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀች። ሣራ «እሾህ ቧጥጧት» አለች። እውነቱን ብትናገር ቡሬ በሆዷ ካሉት ልጆቿ ጋር በዚያው ዕለት ታልቅ ነበር። እናቷ ከአራት ቀን በፊት ለክትባት ሥራ ወደ ዶሎ ኦዶ ስትሄድ ከመኪናው ላይ ሆና «ወንድምሽን ሶራን አደራ! አራሷንም!» ብላት ነበር። አራስ የሚለውን ቃል ያገኘችውም ከዚያ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤቷ የባለሱቋ ልጅ ሳዲያ የግመል ወተት በቆርቆሮ ይዛ መጣች። እንደ ልማዷ ከከሰል ክፍሉ በር ወዲያ ቆማ ቆርቆሮውን በእግሯ ገፋችው።

«እኔ እንደሆንኩ አልነካትም። ውሻ ለነካ ሃይማኖታችን ሰባቴ ታጠቡ ይላል፤ ውሃው ከየት ይመጣል?»

«ማን ንኪ አለሽ?»

«በራችሁ ላይ ምልክት አየሁ። ምን ብለሽው ነው?»

ሣራ ነገረቻት። ሳዲያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ በመሃል ቀረ።

«ነጋዴው ሞተ እኮ።»

«የቱ ነጋዴ?»

«የተነከሰው። መርፌው እዚህ የለም ብለው በጭነት መኪና ሲልኩት ረፍዶ ነበር አሉ። ውሃ ሲያሳዩት ይጮህ ነበር።» ሳዲያ ወደ ጨለማው ክፍል አንገቷን አሰገገች። «ሣራ፣ ያ ጆሮዋ... እሾህ ነው ያልሽው?»

«እሾህ ነው።»

ሳዲያ ባዶውን ቆርቆሮ እንኳ ሳትጠብቅ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሣራ የከሰል ክፍሉን በር ስትከፍት ወተቱ እንዳለ ነበር፤ ዝንብ ገብቶበታል። ቡሬ ቆማ የበሩን መቃን ታኝካለች። የታችኛው መንጋጋዋ ተንጠልጥሎ ምራቅ እንደ ክር ይወርዳል። ቡችሎቹ በየጥጉ ተበታትነው ያለቅሳሉ፤ አንዱን ረግጣው ስታልፍ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

«ቡሬ» አለች ሣራ።

ውሻዋ ድምፅ አወጣች። ጩኸት አልነበረም። ተጀምሮ የሚሰበር፣ የማንም ያልሆነ ድምፅ ነበር።

የአምስት ዓመቱ ወንድሟ ሶራ ከየት መጣ ሳይባል በእግሯ መሃል ሾልኮ ገባ። «የኔዋን ቡችላ ልያዝ!» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሣራ ወገቡን ይዛ ስትጎትተው የቡሬ ጥርስ አየር ላይ ተጋጨ። የሹራቡ እጅጌ ተተረተረ። በሩን ዘግታ ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ አጠለቀች፤ ከውስጥ እንጨቱን የሚቧጥጥ ድምፅ ይሰማል።

የልጁን እጅ ጣት በጣት አየች። መዳፉን ገለበጠች፤ ክንዱን እስከ ትከሻው ገለጠች። ጭረት የለም።

«አልነከሰችህም?»

«አልነከሰችኝም። ትናንት ግን ላሰችኝ።»

«የት?»

ሶራ ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳያት። ኳስ ሲጫወት ወድቆ የተላጠው ቦታ ነው። ቅርፊቱ ተነስቶ ሥጋው ቀይ ሆኗል።

«እዚህ። ያማል ስላት ላሰችልኝ።»

ሣራ የገላ ሳሙና አምጥታ ጉልበቱን ያጠበችው እሱ እያለቀሰ ነበር። አጠበችው፤ ደግማ አጠበችው። ውሃው ሲያልቅ ከጎረቤት ማምጣት አሰበችና እጇ ቆመ። ሳዲያ ምን አለች? «ሲልኩት ረፍዶ ነበር።»

እጁን ይዛ ወደ ግቢው በር ወጣች። የዋሪዮ ምልክት በሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ማንም አይመጣብሽም ብሏታል። በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ጠመኔው ግራጫ ሆኖ በቆርቆሮው ላይ ተሰራጨ።

«አካም ቡልቴ፣ ያ ኢንታላ!»

ዋሪዮ ነበር፤ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው። ዛሬ ጠመንጃም ባልዲም አልያዘም። የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ታቅፏል።

«ናጋ» አለች ሣራ።

«ባለቤቴ ናት። እንዴት አራስን ባዶ እጅህን ሰላም ብለህ መጣህ ብላ ሌሊቱን አላስተኛችኝም። ቅቤ ነው። ራሷን ትቀባ፣ ገንፎም ይሠራላት።» ፈገግ እያለ ጥቅሉን ዘረጋላት። «አራሷ እንዴት አደረች? ሴት ናት ወንድ የወለደችው?»

ሣራ ቅቤውን አልተቀበለችም። ከኩሽናው ጀርባ ያ ድምፅ እንደገና ተነሳና መሃል ላይ ተሰበረ። የዋሪዮ ፈገግታ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። ወደ ተጠረገው በር አየ፤ ወደ ሶራ እርጥብ ጉልበት አየ።

«አራሷ ማናት?» አለ።

እሱ በደንብ የሚሰማው በኦሮምኛ እንደሆነ ታውቃለች። ቃሉን ለሁለት ዓመት አልጠራችውም።

«ሳሬዳ» አለች።

«ምን?»

«ሳሬ ናት፣ ጋሽ ዋሪዮ። ቢጫው ውሻ ነክሷት ነበር። ከወር በፊት። እኔ አውቅ ነበር።» የሶራን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ትናንት የሱን ቁስል ልሳለች። መርፌው ያለበት አገር የሚሄድ መኪና ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

ዋሪዮ ቅቤውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ልጁን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጫነው።

«ስንት ናቸው ልጆቿ?» አለ፤ ወደ ኩሽናው ሳያይ።

«አምስት።»

የከሰል ክፍሉን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው፤ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታስተካክል፣ የግቢውን በር ክፍት ትታ ተከተለችው።