በበርች ቅጠል ውስጥ ያለው ነጭ መስመር

ቅጠል ውስጥ የሚኖር ትል ወደ ሰው ገላ መሻገር ይችላል?

ማንን ልጠይቅ? የጤና ጣቢያዋ ነርስ በስልክ «አለርጂ ነው፣ ቅባት ቀቢያት» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ...

ይሄ ተረት አይደለም። ሰው የማስፈራራበት ዕድሜም ላይ አይደለሁም። የሆነው ባለፈው የበጋ አጋማሽ በዓል ዋዜማ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ፊንላንድ ውስጥ ሐይቅ ዳር ባለው የእንጨት ቤታችን ነው።

ሳይማ የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ እሳት እራት ታጠናለች። ያን ሰሞን አንዷ እንቅልፍ ነስታት ነበር። የእሳት እራቷ ትል በርች የሚባለው ግንደ ነጭ ዛፍ ቅጠል ውስጥ ገብቶ፣ በላይኛውና በታችኛው ቆዳ መሀል እየቦረቦረ ያድጋል። ከውጭ የሚታየው ነጭ ጠመዝማዛ መስመር ብቻ ነው። ሳይማ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ፣ መስመሩን አይታ፣ የትኛዋ ዝርያ እንደሆነች ትናገራለች።

ይህቺን ግን አቃታት።

«አያቴ፣ እስኪ እይው። ኩስ የለውም።»

«ምን ይሁን ታዲያ?»

«ሁሉም ትል መንገዱ ላይ ኩሱን እየጣለ ነው የሚሄደው። የምንለያቸው በእሱ ነው። ይሄ ይበላል... ግን ምንም አይጥልም።»

ሌላም ነበር። እሷ የምታውቃቸው ትሎች የቅጠሉን ወፍራም ጅማት ሲደርሱ ይዞሩታል። ይሄኛው ምንም እንደሌለ ሁሉ ቀጥ ብሎ ሰንጥቆት ያልፋል።

መስመሩ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ያልቃል። የወጣበት ቀዳዳ የለም።

ትሉም የለም...

የእሳት እራት ዝርያ መለያ መጽሐፏን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «የትኛዋም አይደለችም!»

በመጨረሻ ቅጠላቸው የተበላ ቅርንጫፎች ቆርጣ፣ ውሃ ያለው ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ ጥላ ስለሆነ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን፣ ሳውናው፣ ደጅ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከቅጠሎቹ በአንዱ ትል ቀርቶ የእሳት እራቷ ከወጣች ብላ ልትጠብቅ።

በበዓሉ ዋዜማ እኔ ድንች ስቀቅል ሳይማ ሳውና ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጩኸቷን ሰማሁ። በፎጣ ተጠቅልላ እየተንደረደረች መጣች።

«ጋሽ ታውኖ! ናሙናዬን!»

ጎረቤታችን ታውኖ በረንዳችን ላይ ቢራውን ይዞ ተቀምጧል። ቅርንጫፎቹን ሳውና ውስጥ ገላችንን የምንጠበጥብበት እስር አድርጎ አስሯቸው ኖሯል፤ እሷም ሳታውቅ ጀርባዋን ጠብጥባበታለች።

«እኔ ምን ላድርግ? በዛሬ ቀን ሳውና ደጅ ላይ ባልዲ ሙሉ በርች ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ለሠርግ ነው ልበል?»

«የአንድ ወር ልፋቴን እኮ ነው ሙቅ ውሃ ውስጥ የዘፈዘፍከው!»

«ደግሞ እንዴት አድርጌ እንዳሰርኩት! ይልቅ ጀርባሽ አልተፍታታም?»

እኔም ሳቅሁ። ጀርባዋን ስትሰጠን ግን ሳቄ ቀረ።

ትከሻዋ ሥር ቅጠል ተለጥፏል።

«ቁሚ» አልኳት በሹክሹክታ።

ቅጠሉን ላጥኩት። መስመሩ ቅጠሉ ጫፍ ላይ አልቋል።

ካለቀበት ጀምሮ ደግሞ... ቆዳዋ ላይ ይቀጥላል።

ነጭ። ቀጭን። ጠመዝማዛ።

«ምንድን ነው?»

«ምንም...»

«አያቴ! ምንድን ነው?»

ጣቴን አስጠጋሁ። መስመሩ ከጣቴ ሸሸ።

«ታውኖ፣ ሄደህ መኪናህን አምጣ!»

«እንዴት ብዬ? ጠጥቻለሁ። ነገ ጠዋት እወስዳታለሁ።»

ሌሎቹም ጎረቤቶች በዓል ላይ ናቸው፣ ሁሉም ጠጥቷል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስትዘጋብኝ ለአምቡላንስ ደወልኩ። «ትተነፍሳለች?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው ነገ ሐኪም ቤት ይዘሻት ሂጂ» አሉኝ። ግድግዳ ብለምን ይሻለኝ ነበር! ታውኖም «ተኝታ ስትነሳ ይጠፋላታል» ብሎ ጀልባውን እየቀዘፈ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሳይማ መጽሐፏን ይዛ ወጥ ቤት ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ በወደድኩ።

«ተዪው እሱን! ልበሺና በእግራችን እንሂድ!»

«አያቴ... አከርካሪዬ ጋ ደርሷል?»

አየሁ።

«ተሻግሮታል።»

«ዞሮ ነው... ወይስ ቀጥ ብሎ?»

«ቀጥ ብሎ።»

መጽሐፉን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«አወቅሽው?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ምንድን ነው ታዲያ? ሳይማ፣ ንገሪኝ እንጂ! ምን ላድርግልሽ?»

ተነሳች። በባዶ እግሯ ወደ በሩ ሄደች። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር፣ ከመዳፌ ሙልጭ ብሎ ወጣ።

በሩን ስትከፍት መሽቶም ያልጠለቀችው ዝቅ ያለች የፊንላንድ ጸሐይ ከፊት ለፊቷ ነበረች። ብርሃኑ በጆሮዋ ውስጥ አልፎ ወደኔ መጣ።

የሰው ጆሮ በጸሐይ ሲያዩት ቀይ ነው አይደል?

የሷ አረንጓዴ ነበር...

ወጥታ ወደ በርች ዛፎቹ ሄደች።